ታጣፊውን ባለ ሙሉ ኪቦርድ ኖኪያ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ገዝቶ መጠቀም

ኮሙኒኬተር የሚባለው ኖኪያ ተዘግቶ ሲያዝ ተራ ስልክ ነው፤ ፊቱ ላይ ስክሪንና የቁጥር ቁልፎች አሉት። እንደ መነጽር ማስቀመጫ ወደ ጎን ሲከፍቱት ግን ከላይ ሰፊ ስክሪን፣ ከታች እንደ ኮምፒዩተር የተደረደረ ሙሉ ኪቦርድ ይወጣል። የመጀመሪያው 9000 እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ 397 ግራም ይመዝን ነበር፤ ልቡም የኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ነው። እሱን ዕቃ ለሚሰበስብ እንተወው። ዛሬ ለዕለት ሥራ የሚሆኑት ሦስቱ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆኑት 9500 እና 9300፣ በ2007 ደግሞ ኢ90።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። ይህ ስልክ ዛሬ የመጻፊያ መሣሪያ ነው። ይደውላል፣ ሜሴጅ ይልካል፣ ረጅም ጽሑፍ ያለ ምንም ረብሻ ያስጽፋል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ከፈለጉበት ገንዘብዎን ባያወጡ ይሻላል። ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ለሚያረቅ፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

የትኛው ይሻላል?

9500 ትልቁ ነው፤ 222 ግራም ይመዝናል፣ ርዝመቱ 148 ሚሊ ሜትር ነው። ዋይፋይና ካሜራ አለው፤ ካሜራው ግን 640 በ480 ብቻ ስለሆነ ሰነድ ለማንሳት አይረባም። 9300 ያው ስልክ ሆኖ ቀለል ያለ ነው፤ 167 ግራም፣ ካሜራም ዋይፋይም የለውም። የሁለቱም የውስጥ ስክሪን 640 በ200 ነው፤ ሰፊ ግን አጭር፣ ለጽሑፍ መስመር የተመቸ። ኢ90 210 ግራም ይመዝናል፤ የውስጥ ስክሪኑ 800 በ352 ነው፣ ሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ ይይዛል፣ የሚቀበለውም ዛሬ በየሱቁ የሚገኘውን ትንሹን ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው።

ለአብዛኛው ሰው ኢ90ን እንመክራለን፤ ምክንያቱ ባትሪው ነው። ቢፒ-4ኤል የተባለው ባትሪ ኢ71 እና ኢ63 በተባሉት የኖኪያ ስልኮች ላይም ስለሚገባ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ለጽሑፍ ብቻ ከሆነና ጥሩ ይዞታ ያለው 9300 ካገኙ ግን አይለፉት። ሦስቱንም በእጁ ይዞ ያየ ሰው ክብደቱን ኪሱ ውስጥ ያውቀዋል።

ሱቅ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ፒያሳም ይሁን ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ፣ ያገለገለ ስልክ የሚሸጥበት ቦታ ሲሄዱ የራስዎን ሲም ይዘው ይሂዱ። «ወንድም፣ ሲሜን አስገብቼ ደውዬ ልየው» ማለት ነውር አይደለም፤ እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ። ቻርጀር ተሰክቶ ብቻ የበራ ስልክ አይግዙ፤ በባትሪ ብቻ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሲሠራ ይዩት።

ዋናው ፍተሻ ማጠፊያው ላይ ነው። የላይኛውን ስክሪን ከታችኛው ክፍል ጋር የሚያገናኘው በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ስስ ሪባን መሰል ሽቦ ነው፤ ጠጋኞች ፍሌክስ ይሉታል። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፤ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ስክሪኑ በርቶ ሳለ ስልኩን በጣም ቀስ አድርገው ይክፈቱት፤ አሥር ጊዜ ይደጋግሙት። በአንድ የተወሰነ አንግል ላይ ስክሪኑ ብልጭ ካለ፣ መስመር ከወጣበት ወይም ከነጣ፣ ፍሌክሱ እየሄደ ነው። ሻጩ «ሲሞቅ ይስተካከላል» ቢልዎ አይመኑ፤ የተሰነጠቀ መዳብ አይገጥምም።

ከዚያ መጻፊያ ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፦ ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት፣ አሥሩ አሃዞች፣ ቀጥሎ ታብ፣ ሺፍት፣ ኮንትሮል፣ አራቱም ቀስቶች። አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ የማይሠራው ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ ሙሉ ረድፍ ከሆነ ግን የኪቦርዱ መስመር ተበላሽቷልና ይተዉት።

*#06# ሲጻፍ አሥራ አምስት አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይመጣል። ባትሪውን አውጥተው ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ያስተያዩት። ካልተመሳሰለ ቦርዱ ወይም ሽፋኑ ከሌላ ስልክ የመጣ ነው። የመቆለፊያ ኮዱንም ይሞክሩ፤ የፋብሪካው 12345 ነው። እምቢ ካለ የቀድሞው ባለቤት ቀይሮታል፤ ሻጩ እፊትዎ ሳይከፍተው ብር አይክፈሉ።

ሲም፣ ባትሪ፣ ቻርጀር

የእነዚህ ስልኮች ሲም ትልቁ መጠን ነው። አሁን የሚሸጠው ሲም በሦስት መጠን እየተነቀለ የሚወጣ ስለሆነ ሲገዙ «አትንቀሉት» ይበሉና ከነውጪው ክፈፍ ያስገቡት። ቀድሞ ተነቅሎ ትንሹ ብቻ ከቀረ ማቀፊያ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ባዶ ማቀፊያ ብቻውን በጭራሽ አያስገቡ፤ ሲወጣ የሲሙን ማንበቢያ ቀጫጭን ሽቦዎች ይዞ ያጎብጣቸዋል፣ ያ ደግሞ የሚጠገነው በብየዳ ነው።

ባትሪው የ9500 ቢፒ-5ኤል፣ የ9300 ቢፒ-6ኤም፣ የኢ90 ቢፒ-4ኤል ነው። አይቀያየሩም። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተው በጣት ያሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ መሀሉ አብጧል፣ አይጠቀሙበት። ጤነኛ ባትሪ በመለኪያ ሲታይ ከ3.7 እስከ 4.2 ቮልት ያሳያል። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የቆየ ባትሪ ደግሞ ቻርጀር ሲሰካበት መጀመሪያ ዝም ሊል ይችላል፤ ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቁት፣ ከዚያ በኋላም ምልክት ካላሳየ ሞቷል። በሌላ ቻርጀር «ማንቃት» አንዳንዴ ይሠራል፤ ያበጠ ባትሪን ማንቃት ግን እሳት መጥራት ነው።

የቻርጀር ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። 9300 እና 9500 የሚቀበሉት ወፍራሙን የድሮ የኖኪያ ፒን ነው፣ 3.5 ሚሊ ሜትር። ኢ90 የሚቀበለው ቀጭኑን 2 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ትንሽ መቀየሪያ ወፍራሙን ቻርጀር ለቀጭን ስልክ የሚያደርግ ነው፤ ተቃራኒውን አይሠራም። ኢ90ን በዩኤስቢ ገመዱ ቻርጅ ለማድረግ አይድከሙ፤ ያ ቀዳዳ ፋይል ብቻ ያሳልፋል። ከዩኤስቢ ወደ ቀጭን የኖኪያ ፒን የሚሄድ ገመድ ግን አለ፤ እሱን ከገዙ መብራት በጠፋ ቀን ከፓወር ባንክ ይሞላሉ።

ሰዓቱን ማስተካከል

ባትሪ ወጥቶ ሲቆይ ሰዓቱ ይጠፋል። በሰዓት ፕሮግራሙ ውስጥ የመኖሪያ ከተማውን አዲስ አበባ አድርገው (ከዝርዝሩ ካጡት ናይሮቢ፣ ሰዓቱ አንድ ነው) የፈረንጁን ሰዓት ይሙሉ። የሐበሻ ሰዓት ለማየት ብለው ዋናውን ሰዓት በስድስት ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ቀጠሮዎችዎና የፋይሎችዎ ቀን ሁሉ ይዛባል። ይልቅ በዓለም ሰዓት ዝርዝር ላይ ቦነስ አይረስን ይጨምሩ። ያቺ ከተማ ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ 1 ሰዓት ይላል። የሰዓቱን አጻጻፍ በ12 ሰዓት ያድርጉት፤ ያለበለዚያ ማታ 1 ሰዓት 13 ተብሎ ይመጣል። ደስ የሚለው ደግሞ ቀኑ የሚቀየረው እዚህ ጎህ ሲቀድ መሆኑ ነው፤ ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር። የበጋ ሰዓት የሚባለውን ምርጫ ለዚያች ከተማ ያጥፉት።

ኪቦርዱ

በ9300 እና በ9500 ከፊደሎቹ በላይ የፕሮግራም ቁልፎች ረድፍ አለ፦ ዴስክ፣ ስልክ፣ ሜሴጅ፣ ዌብ፣ አድራሻ፣ ሰነድ፣ ካሌንደር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የራስዎን የሚመድቡበት ቁልፍ። ከውስጥ ስክሪኑ በስተቀኝ ያሉት አራት ቁልፎች በራሳቸው ስም የላቸውም፤ አጠገባቸው ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ይሠራሉ፣ ጽሑፉም በየፕሮግራሙ ይለወጣል። አዲስ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ከመጫንዎ በፊት ሁልጊዜ ጽሑፉን ያንብቡ።

ኮንትሮል ከሲ፣ ከኤክስ፣ ከቪ ጋር እንደ ኮምፒዩተር ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል። ኮንትሮል ከኤ ሁሉን ይመርጣል፤ ከዜድ የመጨረሻውን ይመልሳል። ቁልፎቹ ላይ በሌላ ቀለም የታተሙት ምልክቶች የሚወጡት ከታች በግራ ያለው ሲኤችአር የሚባል ቁልፍ ተይዞ ነው። ሺፍትን ይዘው ቀስት ሲጫኑ ጽሑፍ ይመረጣል። ይኼን ያህል ካወቁ ለሳምንት ይበቃል።

አያያዙም ለውጥ ያመጣል። 9500 በሁለት አውራ ጣት አይጻፍበትም፤ መሀል ያሉት ፊደሎች ሩቅ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በአመልካችና በመሀል ጣት ይጻፉ። ለስላሳ ጨርቅ ወይም የታጠፈ ናፕኪን ከሥሩ ካደረጉ አይንሸራተትም። 9300 እና ኢ90 132 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ በሁለት እጅ ተይዘው በአውራ ጣት ይጻፍባቸዋል። ታክሲ ውስጥ ግን ዘግተው ይያዙት፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የተከፈተ ስክሪን ማጠፊያውን ይወዘውዘዋል፣ ዓይንም ይስባል።

ሲደወል ዘግተው በጆሮዎ ማውራት ነው የሚሻለው። ወሬ ላይ ሳሉ ከከፈቱት ድምፁ ወደ ስፒከር ይሄዳል፤ ያኔ ስልኩን ከጆሮዎ ያርቁት፣ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል።

ሜሴጅና ፊደል

እዚህ ግልጽ እንሁን፤ እነዚህ ስልኮች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። በአማርኛ የተጻፈ ሜሴጅ ሲደርስ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ነው የሚያዩት። የጠፋ ነገር የለም፤ ሲሙን ወይም መልእክቱን ወደ ሌላ ስልክ ቢወስዱት ሊነበብ ይችላል፣ እዚህ ግን አይነበብም። ስለዚህ ለሚጽፉልዎ ሰዎች በላቲን ፊደል እንዲጽፉ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የባንክና የቴሌ መልእክቶች የሚመጡበትን ቋንቋም በሌላ ስልክ ወደ እንግሊዝኛ ያስቀይሩ። በ*127# የሚከፈተው የቴሌብር ምናሌም በአማርኛ ከመጣ ሳጥን ብቻ ስለሚሆን፣ የማያነቡትን ምርጫ በግምት ቁጥር ጭነው ብር እንዳይልኩ። ሂሳብ ለማየት በኢትዮ ቴሌኮም *804#፣ ካርድ ለመሙላት *805* የካርዱ ቁጥር #፤ ሁለቱንም ስልኩን ዘግተው በውጪው ቁልፎች ይጻፉ።

በላቲን ፊደል አንድ ሜሴጅ 160 ምልክት ይይዛል። ከተለመደው የምልክት ዝርዝር ውጭ የሆነ አንድ ምልክት እንኳ ከገባ ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል፤ ስልኩም ሁለት ሦስት አድርጎ ይልከዋል፣ ሂሳቡም በዚያው ይባዛል። ከሰነድ ገልብጠው ሲለጥፉ የተጠማዘዙ ጥቅሶችና ረጃጅም ሰረዞች ይህን ያመጣሉ፤ በተራ ጥቅስና ሰረዝ ይተኳቸው።

ሜሴጅ አልሄድ ካለ የመልእክት ማዕከሉን ቁጥር ይመልከቱ። ተመሳሳይ ኩባንያ ሲም ካለበት ሌላ ስልክ ላይ ያለውን እንዳለ ይገልብጡ። ስልክ ቁጥሮችን ሁሉ በ+251 ጀምረው ያስቀምጡ።

ጽሑፍ ማስገባትና ማውጣት

የሰነዱ ፕሮግራም የድሮውን የወርድና የኤክሴል ፋይል፣ ማለትም በ«ዶክ» እና በ«ኤክስኤልኤስ» የሚያልቀውን ያነባል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የመጣውን፣ መጨረሻው ላይ ተጨማሪ ኤክስ ያለበትን ግን 9300 እና 9500 አይከፍቱትም። ስለዚህ ኮምፒዩተር ላይ «የ97–2003 ሰነድ» አድርገው ያስቀምጡና ይላኩ።

ቀላሉ መንገድ ብሉቱዝ ነው። ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ሁለቱንም አጣምረው ፋይሉን በላክ ምርጫ ይስደዱት፤ አሥር ገጽ ጽሑፍ ሴኮንዶች ቢወስድ ነው። አይፎን በብሉቱዝ ፋይል ስለማይቀበል ከእሱ ጋር አይልፉ። ሁለተኛው መንገድ ካርዱን አውጥቶ በማንበቢያ ማስገባት ነው፤ ነገር ግን 9500 የሚወስደው ኤምኤምሲ የተባለውን ካርድ ነው። ከኤስዲ ጋር ስፋቱም ቁመቱም አንድ ስለሆነ ሻጮች ኤስዲ ይሰጣሉ። ውፍረቱን ይዩ፦ ኤምኤምሲ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ኤስዲ 2.1 ሚሊ ሜትር። ኤስዲው አይገባም፤ ገፍተው ቢያስገቡት ማስገቢያው ይሰነጠቃል። ኤምኤምሲው ግን በኤስዲ ማንበቢያ ይነበባል።

የጻፉትን በየቀኑ ያውጡት። የዚህን ያህል ዕድሜ ያለው ማሽን ላይ ብቸኛ ቅጂ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ኢንተርኔት

በአጭሩ፦ የ9500 ዋይፋይ የዛሬ ራውተሮች የሚጠቀሙበትን የይለፍ ቃል አቆላለፍ አይይዝም። ኢ90 ይገናኛል፣ በሦስተኛው ትውልድም በኢትዮ ቴሌኮም ኤፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት መግቢያ ስሙ (በላቲን ኢ-ቲ-ሲ ነጥብ ሲ-ኦ-ኤም) መስመር ይይዛል። ሆኖም ብሮውዘሩ የሚያውቀው የድሮውን የምስጠራ ዘዴ ስለሆነ አብዛኛው ድረ ገጽ «ግንኙነት አልተቻለም» ብሎ ይዘጋበታል። በቅንብር የሚፈታ ችግር አይደለም። ዳታውን አጥፍተው ይተዉት፤ ባትሪውም ይበረክታል።

ሲበላሽ

ስክሪኑ ሲከፈት ከጠፋና ሲዘጋ የውጪው ከሠራ፣ ፍሌክሱ ነው። የሚቀየረው በተመሳሳዩ ሞዴል ፍሌክስ ብቻ ነው፤ ጠጋኙ ማጠፊያውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ስላለበት ከዚህ በፊት የፈታ ሰው ይፈልጉ። ፍሌክሱን ራስዎ አስቀድመው አግኝተው ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል፤ የተፈታ ስልክ ዕቃ እስኪመጣ ድረስ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ብሎኖቹ ይጠፋሉ።

ቁልፍ ከተጣበቀ ባትሪውን ያውጡ፣ በጎማ መንፊያ አቧራውን ይንፉ፣ ከዚያ ንጹሕ አልኮል የነካ የጥጥ ጫፍ በቁልፉ ዙሪያ ያዙሩ። ውሃ የበዛበት የእጅ ማጽጃ አይጠቀሙ። ከማብራትዎ በፊት ሁለት ሰዓት ያድርቁት።

ስልኩ ከተንቀራፈፈ ወይም ሲነሳ አርማው ላይ ከቆመ በመጀመሪያ ባትሪውን አውጥተው ለአንድ ደቂቃ ይተዉ። ካልተሻለው በ9300 እና በ9500 ክዳኑን ከፍተው ባትሪውን ያስገቡና አርማው ሲመጣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍን አንድ ላይ ይያዙ፤ የውስጥ ማህደሩን ልፎርማት ወይ ብሎ ይጠይቃል። በኢ90 ደግሞ *#7370# ጽፈው 12345 ያስገቡ። ሁለቱም ውስጥ ያለውን አድራሻ፣ ሜሴጅና ሰነድ ሁሉ ይሰርዛሉ፤ ከመጀመርዎ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጡት፣ ባትሪውም ከግማሽ በላይ የሞላ ይሁን። መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ስልኩ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል።